ይሰማል፤ ላልቶም ጠብቆም

ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። የመጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ የድሮ ዘፈን ለቋል፣ እኔም እንደ ልማዴ አብሬ አንጎራጉራለሁ። የዘፈኑን ስም አልናገርም። ብናገር ግማሻችሁ «ይሄንን እንኳን አታውቂም?» ልትሉኝ ነው። አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ከፍ አለ መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና፣

«የኔ ልጅ፣ እሱኮ ይሰማል ነው የሚለው» አሉኝ።

«እኔስ ምን አልኩ ማዘር? ይሰማል ነው ያልኩት።»

«አይደለም። አንቺ አላላሽው። ጠበቅ አርጊው።»

ረዳቱ ከበሩ ጋ ሆኖ ሒሳብ እየተቀበለ «ማዘር ልክ ናቸው» አለ። ማንም አልጠየቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ይሰማል» ሲላላ ሰውየው ራሱ ይሰማል፣ ጆሮ አለው ማለት ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁ ለሰው ይሰማል፣ ከሩቅ ይመጣል ማለት ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የዘፈንኩት እየሰማ እንዳልሰማ ስለሚሆን ክፉ ሰውዬ ነበር። ዘፈኑ ግን ስለ ሄደ ሰው ነው። ሰውየው የለም። ድምፁ ነው ማታ ማታ የሚሰማው። ምስኪኑን ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ በከንቱ ስሙን ሳጠፋው ኖሬያለሁ።

መገናኛ እስክንደርስ ዝም አልኩ። ማፈሩ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄን ዘፈን «በቃሌ አውቀዋለሁ» ብዬ እምል ነበር። ሰርግ ላይ ዘፍኜዋለሁ፣ ዕቃ ሳጥብ ዘፍኜዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አልቅሼበታለሁ (በተሳሳተው ትርጉም!)። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰማ የነበረው ምኑን ነው?

በነገራችን ላይ ግጥሙን ጽፌ ባነበውም አይጠቅመኝም ነበር። ፊደላችን ሁሉን ነገር አሟልቶ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ብዬ ስጽፍ ተናገረ ይሁን እዚህ ነው ይሁን የምታውቁት ከዙሪያው ነው። «ገና» ብዬ ስጽፍም በዓሉ ይሁን «ገና ነኝ፣ ቆዩኝ» ይሁን እንደዚያው። ስንነጋገር ማንም አይሳሳትም። ዜማ ሲገባበት ግን ዘፋኙ ቃሉን ይጎትተዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ጠባቂው ላልቶ የላላው ጠብቆ ይመጣል። አዝማሪዎቹማ ሆን ብለው ነው የሚጫወቱበት። አንዱ ከታዳሚው ተነስቶ «ተቀበል!» ሲል ማሲንቆ የያዘው ሰው እንዲያ ፈገግ የሚለው ለምን ይመስላችኋል? አባይ ብሎ ሲዘፍን ወንዙን ይሁን ቀጣፊውን መሆኑ የሚገባው በጆሮው ላልተኛ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ያጨበጭባል። እኔ ከአጨብጫቢዎቹ ነበርኩ።

ቤት ስገባ አልጋ ስር ያለውን የብስኩት ካርቶን አወጣሁ። የአባባ ካሴቶች ናቸው። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፣ ካርቶኑን ግን ማንም አይጥለውም። እቤታችን ሁለት ዓይነት ካሴት ነበር። አንዱ ባዶ ካሴት ተገዝቶ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ የሚቀዳ «ምርጥ ምርጥ» ነው። ዘፈኖቹን አባባ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሄዶ ይወስዳል። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ጎን 45 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቆረጣል። እስከ ዛሬ አንዳንድ ዘፈን ስሰማ የሆነ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ እንዲቆም እጠብቃለሁ። ትልቅ ሆኜ አንዱን ዘፈን ሙሉውን ስሰማ ሦስተኛ ስንኝ እንዳለው አወቅሁና ደነገጥኩ። ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ኦሪጅናሉ ነው። ሽፋኑ ላይ ዘፋኙ አበባ መሀል ቆሞ ወይም መኪና ተደግፎ ይታያል። ከውስጥ በኩል በደቃቅ ፊደል ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ሳክስፎን፣ ሁሉም በየስሙ አለ። ከታች «አባዝቶ መሸጥ በሕግ ያስቀጣል» ይላል። ይሄ ማስጠንቀቂያ ከተቀዱት ካሴቶች ጎን በሰላም ሲኖር አባባን ጨንቆት አያውቅም። አዲስ ካሴት ሲገዛ ግን ሳያጫውተው በፊት መነጽሩን አድርጎ ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ያነብ ነበር። ስለ ዘፋኙ አንድ ቃል ሳይናገር «ግጥሙ የእገሌ ነው፣ ጥሩ ነው ማለት ነው» ይላል። ያኔ ያበሳጨን ነበር። እኛ ዘፈን ስንፈልግ እሱ ወረቀት ያነባል።

አሁን ስልኬ ውስጥ ያለውን አየሁ። «ትራክ 07»። «አዲስ ሙዚቃ 2»። አንዱማ የቀዳልኝ ልጅ ስም ነው የተጻፈበት። ዩቲዩብ ላይ ከታች ዘርዝረው የሚጽፉ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን «ተጨማሪ» የሚለውን ነክቶ የሚያነብ ማነው? ቲክቶክ ላይ ደግሞ ዘፈኑ አስራ አምስት ሰከንድ ሆኖ፣ ተፋጥኖ፣ ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጥኖ ይመጣል። አንድ ሰው ሌሊት ሲቀመጥ ሲነሳ የጻፈው ግጥም ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ ማጀቢያ ይሆናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። ወረቀት ላይ አለን ማለት ነው። ታክሲው ፍላሽ ውስጥ የለንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኳት አንድ ልማድ አለች። አንድ ዘፈን እመርጥና ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ እሰማለሁ። በየቀኑ ግን ሌላ ሌላ ነገር ነው የምሰማው። ሰኞ ቃሉን። ማክሰኞ ቤዝ ጊታሩን፣ ሌላውን እንደሌለ ቆጥሬ። ሳትሞክሩት አትሳቁ። ቤዝ ለካ የራሱ ዜማ አለው! ከታች ሆኖ ከዘፋኙ ጋር የሚጨቃጨቅበት ጊዜ አለ። ረቡዕ ወይ ሐሙስ ላይ ይሰለቸኛል፣ እውነቴን ነው፣ ጠልቼው ላቆም እደርሳለሁ። አርብ ላይ የሆነ በር ይከፈታል።

ለምሳሌ ችክችካ የሚባለውን ምት ተወልጄ ስጨፍርበት ኖሬ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። እስቲ እናንተም እስከ ስድስት ቁጠሩ፣ እየደጋገማችሁ። 1 እና 4 ላይ በእግራችሁ ምቱ። አሁን ሳታቆሙ 1፣ 3 እና 5 ላይ አጨብጭቡ። እግራችሁ ሁለት ሲቆጥር እጃችሁ ሦስት ይቆጥራል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ 1 ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ እጅና እግር ይጣላሉ። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ትከሻችሁን ይነቀንቀዋል። እስክስታው የሚነሳው ከዚያ ጭቅጭቅ ይመስለኛል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ የምሁር ቃል አይደለም። ቢሮ ውስጥ ስለማመድ አለቃዬ አይታኝ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋችልኝ።

ሌላው ያስገረመኝ ትንፋሹ ነው፤ ትራምፔቱ፣ ሳክስፎኑ። የድሮ ዘፈን መግቢያ ላይ ያ የናስ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲገባ «የድሮ ነው» ብዬ አልፈው ነበር እንጂ ከየት መጣ ብዬ አላውቅም። ቤተ መንግሥት ነው የሚወስደው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከዕልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች ነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ይሰማሉ። ደስ ይላቸውና ይዘዋቸው ይመጣሉ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። ኬቮርክ ናልባንዲያን ይመራቸው ነበር። ከዚያ የክቡር ዘበኛው ባንድ መጣ፣ የፖሊሱ መጣ፣ የጦሩ መጣ፣ እያለ እያለ ያ ድምፅ የዘፈናችን ደም ሆኖ ቀረ። ታክሲ ውስጥ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ የምሰማው መግቢያ ከእነዚያ ልጆች ጋር ዝምድና አለው። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ መግቢያውን ማለፍ አልቻልኩም።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ቤት ሁሉ ሲዘጋው ትልልቁ ባንድ እየሳሳ ሄደ፣ ኪቦርድም ቦታውን ወሰደ። እኔ ያደግኩት በዚያ በኪቦርዱ ዘመን ነው። እንደ ብዙ ሰው እኔም «ያ የካሴት ዘመን ኪቦርድ፣ አይ!» እያልኩ አናንቀው ነበር። አንድ ሳምንት ከነዚያ ዘፈኖች አንዱን ይዤ ዋልኩ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አርብ ዕለት ገባኝ። ማሲንቆ ለመሆን እየታገለ ነው። ድምፁን በትንሹ ያጎብጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዲት የፈረስ ጭራ ላይ የሚወጣውን ልቅሶ ከፕላስቲክ ውስጥ ለማውጣት ይሞክራል። አይሳካለትም። ግን መሞከሩ ይሰማል። (ይሄኛውን አጥብቁልኝ።)

ስለ ኪቦርድ ካነሳሁ አይቀር አንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። የወንድሜ ልጅ መጫወቻ ላይ ያገኘሁት ነው። ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ እዩ፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ሦስት ከሆኑት የመጀመሪያውን መነሻ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን ጥቁሮች በተራ ንኩ። ትዝታ የሚባለው ቅኝት ነው። ሜጀሩ። አሁን ሦስተኛውንና አምስተኛውን ትታችሁ፣ በእነሱ ፈንታ ከግራቸው ያለውን ነጭ ንኩ። ያው ትዝታ ነው፣ ግን ሆድ የሚያባባው፣ ማይነሩ። ሁለት ጣት ትንሽ ወደ ግራ መሸሽ ነው ልዩነቱ። ያቺን ሽሽት ካወቃችኋት በኋላ ሬዲዮ ላይም፣ ካፌም፣ ጎረቤት ቤትም ታገኟታላችሁ። ልጁ «አክስቴ፣ መጫወቻዬን መልሽ» ብሎ እስኪያለቅስ ድረስ ስሸሽ አመሸሁ።

ዘፈን ላይ የጀመረው ወደ ሌላውም ገባ። ማስታወቂያ እሰማለሁ አሁን፣ እንደ ሰው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙ ሰው ስለ ስፖርቱና ስለ ኮንሰርቱ ስፖንሰር ነው ያወራው። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። የዚያ ዓመት በዓል ላይ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ዶሮው አለ፣ ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ ምን ጎደለ? የቢራው ዘፈን! በየበዓሉ ከበሮና ጭብጨባ ይዞ የሚመጣው የሠላሳ ሰከንድ ዘፈን እንደ እጣኑ የበዓሉ ክፍል ሆኖብኝ ነበር። አንድ ጊዜም ሆን ብዬ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ቢራ እንኳን አልጠጣም። ሕጉን እደግፈዋለሁ፣ ናፍቆቱም አለ፣ ምን ላድርግ።

የቴሌቪዥን ድራማውም እንደዚያው። ሰው ሊሞት ሲል የምትመጣ አንዲት ፒያኖ አለች። በሦስት የተለያዩ ድራማዎች ላይ ሰምቻታለሁ፣ እምላለሁ ያቺው ናት። አሁን ገና ፒያኖዋ ስትጀምር «እሱ አለቀለት» እላለሁ፣ እናቴም «አፍሽን ዝጊ» ትለኛለች።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሬዲዮው ላይ በገና ይመጣል። ቀን መቁጠሪያ ሳላይ ጾም መግባቱን የማውቀው በእሱ ነው። ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፅ ከአውታሮቹ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በየአውታሩ ስር የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፣ እንዝራ ትባላለች። አውታሩ እሷን እየነካ ነው የሚያጉረመርመው። እንዝራዎቹ ትንሽ ከቦታቸው ከተዛነፉ አስር አውታር ይዞ በገናው ዝም ብሎ ክር ይሆናል። አንድ የሚደረድር ሰው ፊቴ አስተካክሎ አሳይቶኛል፤ ከዜማው ይልቅ ቆዳዋን ሲያባብል ነው የቆየው።

ጓደኞቼ ግን ተማረዋል። ሰርግ ላይ ጠረጴዛችን ላሉት ሰዎች ስለ ቤዙ ማስረዳት ስጀምር አንዷ «አንቺ ዘንድሮ ምን ነካሽ? ተነሺና ጨፍሪ!» ብላ ጎትታ አስነሳችኝ። ልክ ናት። ሁሉም ዘፈን በጆሮ ብቻ አይሰማም። የዚያ ሚኒባስ ዓይነት ሾፌርም ብትጠይቁት ዘፈኑን የከፈተው እንቅልፍ እንዳይጥለው ነው፣ ለቅንብሩ አይደለም። ዳራ ሆኖ መኖርም ለዘፈን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም። የሚያናድደኝ እኔ ሁልጊዜ ዳራ ማድረጌ ነው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን በአክስቴ ስልክ ምክንያት ነው፤ ወደዚያ ልምጣ።

አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ስልኳ የጥሪ ማሳመሪያ አለው። ሲደወልላት «ጡጥ ጡጥ» በማለት ፈንታ ሞቅ ያለ የሰርግ ዘፈን ይጮሃል፤ እልልታው፣ ከበሮው፣ ሁሉ ነገር። ለዓመታት እንደዚያ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ለምዶታል፣ እኔም ስደውል ድምፁን ቀንሼ ነው የምጠብቀው። አምና ባሏ አረፈ። መርዶው ሌሊት መጣ፣ ጎህ ሳይቀድ ደወልኩላት። እልልታው ጆሮዬ ላይ ፈነዳ። ከዚያ በፊት አንድ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ቃል በቃል ሰማሁት። ሙሽራው መጣ ይላል። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ለልቅሶ የደወለ ዘመድ ሁሉ፣ ከአሜሪካ የደወለውም፣ ከዱባይ የደወለችውም፣ መጀመሪያ ያንን ሰምቶ ነው «እግዜር ያጽናሽ» ያላት።

ማንም አልነገራትም። እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

አርባው ካለፈ በኋላ ሄጄ አብሬያት አደርኩ። ማታ ቡናው ላይ፣ እንደ ቀልድ፣ «እታለም፣ ያቺን የስልክሽን ዘፈን ማን መረጠልሽ?» አልኳት።

«የምን ዘፈን?»

አታውቀውም! ለካ የጥሪ ማሳመሪያን ባለቤቱ አይሰማውም። የሚሰማው ደዋዩ ብቻ ነው። ዱሮ የሆነ መልእክት መጥቶላት የሆነ ቁጥር ተጭናለች፣ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትከፍላለች፤ ስለምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላትና ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። የራሷ ስልክ ሶፋው ላይ ይንጫጫል፣ እሷ በእኔ ስልክ እልልታውን ትሰማለች። ዝም ብላ ሰማች። እስከ መጨረሻው። ፊቷን አየሁት፣ ልታለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። «እና ያን ሁሉ ሰው በዚህ ነው የተቀበልኩት? እሱ ቢሰማ እንዴት በሳቀ!» አለች። ከዚያ በኋላ አለቀሰች።

«ላጥፋልሽ?» አልኳት።

«አታጥፊው፣ ቀይሪው። ሰው ሲደውል ዝም አይባልም።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«እኔ እንደሆን አልሰማው፤ እናንተ የምትወዱትን። ብቻ ቃል አይኑርበት። ቃል ያለበት ነገር ሰው ያስቀይማል።»

ግማሽ ሌሊት ዝርዝሩን ስናዳምጥ ቆየን፣ እሷ በአንድ ጆሮ እኔ በሌላው፣ ኤርፎኑን ተካፍለን። አንዱ «ይጮሃል»፣ አንዱ «የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል» እየተባለ ወደቀ። በመጨረሻ አንድ አገኘን። ክራር ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ፣ እዚያው አንድ ቦታ እየተመላለሰ። ከዚያ ማሲንቆ ይገባል። ማሲንቆው ሲገባ አክስቴ ዓይኗን ጨፈነችና «ይሄ» አለች።

አሁን ስደውልላት ቶሎ እንዳታነሳ እጸልያለሁ። እሷ ግን ብቻዋን ስለሆነች ነው መሰል ስልኳ ከእጇ አይለይም። ክራሩ ሁለት ጊዜ እንደተመላለሰ «ሃሎ፣ የኔ እናት» ትለኛለች፣ ማሲንቆው ሳይገባ።